«የስቴቶች መብት» ወይስ ባርነት? ለአሌክሳንድሪያው አባት

ጥያቄ፦ «ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። 11ኛ ክፍል ያለው ልጄ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እንዲጽፍ ታዟል። መጽሐፉ ጦርነቱ የተነሳው በባርነት ምክንያት ነው ይላል። ሥራ ቦታዬ ያለ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ግን ‹እሱ የሰሜኖች ወሬ ነው፤ አባቶቻችን የተዋጉት ስለ ስቴቶች መብትና ስለ ቀረጥ ነው› አለኝ። ሊንከን ራሱ ‹አንድም ባሪያ ሳልፈታ አገሩን ማዳን ከቻልኩ አደርገዋለሁ› ብሎ የጻፈውንም በስልኩ አሳየኝ። ደግሞስ ጥቁሮቹ በ1865 ነጻ ከወጡ፣ እስከ 1965 ድረስ ለመምረጥ መብት የታገሉት ለምንድን ነው? ከጦርነቱ በኋላ ያቋቋሙት አስተዳደር በሙስና ወደቀ የሚባለውስ? ለልጄ ምን ልበለው?»

ጦርነቱ የተነሳው በባርነት ምክንያት ነው። ይህን የሚለው ሰሜኑ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሽማግሌው ጥርጣሬ ባልከፋ። ዋናዎቹ ምስክሮች ግን ተገንጣዮቹ ራሳቸው ናቸው። ለምን እንደሚወጡ ጽፈው፣ ፈርመው፣ አሳትመው ነው የወጡት። (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው፤ ልጅዎም የሚማረው በዚያው ነው።)

ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። ሊንከን የተመረጠው ኖቬምበር 1860 ነው። ሥልጣን የያዘው ማርች 4 ቀን 1861። በመሃል ባሉት አራት ወራት፣ ሰውዬው አንዲት ወረቀት ሳይፈርም፣ ሰባት ስቴቶች ወጡ፤ ደቡብ ካሮላይና ዲሴምበር 20 ጀመረችው፣ ከዚያ ሚሲሲፒ፣ ፍሎሪዳ፣ አላባማ፣ ጆርጂያ፣ ሉዊዚያና እና ቴክሳስ ተከተሉ። ምን ደረሰባቸው? ምንም። ሊንከን ለምርጫ ሲቀርብ የያዘው አቋም ባርነት ባለበት ይቆይ፣ ወደ አዳዲሶቹ የምዕራብ ግዛቶች ግን አይስፋፋ የሚል ነበር። እሱ ብቻውን በቃቸው። ሚሲሲፒ የወጣችበትን ምክንያት ስታስረዳ ገና ከመግቢያው አቋማችን ከባርነት ጋር ፍጹም የተሳሰረ ነው፣ ባርነትም በዓለም ላይ ካለው ቁሳዊ ጥቅም ሁሉ ትልቁ ነው ትላለች። ተገንጣዮቹ ያቋቋሙት መንግሥት፣ የኮንፌዴሬሽኑ፣ ምክትል ፕሬዚዳንት አሌክሳንደር ስቲቨንስ ደግሞ ማርች 21 ቀን 1861 ሳቫና ላይ ባደረገው ንግግር፣ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቁር ከነጭ እኩል አለመሆኑ ነው ብሎ አረፈው። ከዚህ በላይ ምን ይበሉ?

«የስቴቶች መብት» የሚለው ክርክርም የሚፈርሰው በራሳቸው ወረቀት ነው። በ1850 የወጣ የፌዴራል ሕግ ከጌታው ያመለጠ ባሪያ ሰሜን ቢገባ እንኳ ተይዞ እንዲመለስ ያዝ ነበር። አንዳንድ የሰሜን ስቴቶች በእኛ ፖሊስና በእኛ እስር ቤት አይሆንም ብለው የራሳቸውን ሕግ አወጡ። የስቴት መብት ከተባለ ይኸው ነው። ደቡብ ካሮላይና ግን የመገንጠሏን ምክንያት ስትጽፍ ዋናው ክሷ እነዚህ ሕጎች ነበሩ፤ የሰሜን ስቴቶች በራሳቸው ግዛት የራሳቸውን ሕግ ማውጣታቸው ነው ያናደዳት። ኮንፌዴሬሽኑ የራሱን ሕገ መንግሥት ሲጽፍ ደግሞ ኮንግረሱ የባሪያ ባለቤትነትን የሚነካ ሕግ እንዳያወጣ ከለከለ፣ ወደፊት የሚያዙ አዳዲስ ግዛቶችም ባርነትን እንዲቀበሉ ወሰነ። ቀረጡን በተመለከተ፣ በ1857 የወጣው ቀረጥ ዝቅተኛ ነበር። ከፍ ያለው የጸደቀው ማርች 1861 ነው፣ ያውም የሰባቱ ስቴቶች ተወካዮች ኮንግረሱን ጥለው ከሄዱ በኋላ። ወንበራቸው ላይ ቢቆዩ ሊያስቀሩት ይችሉ ነበር።

እርስዎ የሚኖሩባት ቨርጂኒያ ለየት ትላለች፤ ሽማግሌው በዚህ በኩል ቢመጣ የሚይዘው ነገር አለው። የቨርጂኒያ ጉባኤ ኤፕሪል 4 ቀን 1861 የመገንጠልን ሐሳብ በድምፅ ጥሎት ነበር። ደቡቦቹ ኤፕሪል 12 በፌዴራሉ ጦር እጅ በነበረው ምሽግ በፎርት ሰምተር ላይ ተኩስ ከፍተው፣ ሊንከን በምላሹ 75,000 ወታደር ሲጠራ ነው ጉባኤው ኤፕሪል 17 የተገለበጠው። ስለዚህ በወንድሞቻችን ላይ አንዘምትም የሚል ስሜት በእርግጥ ነበረ። ወንድሞቻቸው የተነሱበት ጉዳይ ግን ከላይ ያየነው ነው። ቨርጂኒያ ራሷም ከ490,000 በላይ ሰው በባርነት የያዘች፣ በዚህ ቁጥር ከስቴቶች ሁሉ አንደኛ ነበረች፤ የመውጫ ውሳኔዋም ምክንያት ብሎ የሚያነሳው በደቡብ «ባሪያ አሳዳሪ ስቴቶች» ላይ ደረሰ ያለውን ጭቆና ነው።

አብዛኛው የደቡብ ነጭ ባሪያ አልነበረውም፣ ታዲያ ለምን ሞተለት የሚል ጥያቄም መምጣቱ አይቀርም። ባርነት በነበረባቸው ስቴቶች ባሪያ የነበራቸው ከነጭ ቤተሰቦች ሩብ ያህሉ ናቸው፤ ሚሲሲፒና ደቡብ ካሮላይና ላይ ግን ወደ ግማሽ ይጠጋል። ባሪያ የሌለውም አንድ ቀን እገዛለሁ ይላል፣ ወይ ከጎረቤቱ ይከራያል፣ ወይ አጎቱ ባሪያ አሳዳሪ ነው፤ ደግሞም የቱንም ያህል ቢደኸይ ከእሱ በታች የሚቆም ሰው አለ። በእነዚያ ሁለት ስቴቶች ባሪያው ከነጻው ሰው በቁጥር ይበልጥ ስለነበር፣ ቢፈቱ ምን ይውጠናል የሚለው ፍርሃት ድሃውንም ሀብታሙንም አንድ ላይ ያሰለፈ ነገር ነው።

አሁን ወደ ሊንከን ደብዳቤ። ደብዳቤው እውነተኛ ነው። ኦገስት 22 ቀን 1862 ለጋዜጣ አዘጋጁ ለሆራስ ግሪሊ የጻፈው ነው። ችግሩ ሰዎች አንዱን ዓረፍተ ነገር ቆርጠው ማሳየታቸው ነው። እዚያው ላይ ሁሉንም በመፍታት ማዳን ከቻልኩም አደርገዋለሁ ይላል። መጨረሻው ላይ ደግሞ ይህ የሥልጣን ግዴታዬ ነው፣ በግሌ ግን ሰው ሁሉ በየትም ቦታ ነጻ ቢሆን የሚለው ምኞቴ አልተለወጠም ብሎ ይዘጋል። ዋናው ግን ቀኑ ነው። ያን ሲጽፍ የነጻነት አዋጁን ረቂቅ ለሚኒስትሮቹ አንብቦ አንድ ወር አልፎታል፤ ረቂቁ መሳቢያው ውስጥ ነው። የሚጠብቀው የጦር ሜዳ ድል ነበር፣ ተሸንፈው የተንፈራገጡ እንዳይመስል። ሴፕቴምበር 17 ከተደረገው የአንቲተም ውጊያ በኋላ የደቡቡ ጄኔራል የሊ ጦር ወደ ኋላ ሲመለስ፣ ከውጊያው በአምስተኛው ቀን አዋጁን አወጣው። ደብዳቤው ሕዝቡን ለሚመጣው ነገር ማለማመጃ ነበር ማለት ይቻላል።

ይህ ማለት ሊንከን ጻድቅ ነው ማለት አይደለም። በዚያው ኦገስት ጥቁር መሪዎችን ቤተ መንግሥት ጠርቶ፣ ከእኛ ጋር ከምትኖሩ ወደ ሌላ አገር ብትሄዱ ይሻላል ብሏቸዋል። ሰሜኑም ንጹሕ አልነበረም። የኒውዮርክ ነጋዴ ከጥጥ ይበላ ነበር፣ ጁላይ 1863 የግዴታ ምልመላ ያስቆጣው ሕዝብ እዚያው ኒውዮርክ ጎዳና ላይ ጥቁሮችን ሰቅሏል። ደቡብ ለባርነት ተዋጋ ማለትና ሰሜን መጀመሪያ ላይ የተዋጋው ባርነትን ለማጥፋት ነው ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው እውነት ነው፣ ሁለተኛው አይደለም። ሰሜን የወጣው አገር አይቆረስም ብሎ ነው።

ታዲያ ጦርነቱን ወደ ነጻነት ጦርነት የለወጠው ማነው? በትልቁ፣ ባሪያዎቹ ራሳቸው። ልጅዎ አንድ ነገር ብቻ በዝርዝር ይጻፍ ብባል ይህን እመርጥለታለሁ። ሜይ 23 ቀን 1861፣ ቨርጂኒያ መገንጠሉን በሕዝብ ድምፅ ባጸደቀችበት ዕለት ማታ፣ ፍራንክ ቤከር፣ ሼፐርድ ማሎሪ እና ጄምስ ታውንሰንድ የሚባሉ ሦስት ሰዎች በጀልባ ተሻግረው በሰሜን ጦር እጅ ወደነበረው ፎርት ሞንሮ ገቡ። ለኮንፌዴሬሽኑ የመድፍ ምሽግ ሲሠሩ የቆዩ ናቸው፤ ጌታቸው ወደ ሩቅ ቦታ ሊወስዳቸው መሆኑን ሰምተው ነው ያመለጡት። በማግስቱ አንድ የደቡብ ሻለቃ ነጭ ባንዲራ ይዞ መጣና በ1850ው ሕግ መሠረት ይመለሱልን አለ። የምሽጉ አዛዥ ቤንጃሚን በትለር በሙያው ጠበቃ ነበር። ቨርጂኒያ ከአገሩ ወጥቻለሁ እያለች የአገሩ ሕግ ይከበርልኝ ልትል አትችልም፤ ለጦር ሥራ ያሰማራችኋቸው የጠላት ንብረት ናቸውና ወርሻቸዋለሁ አለው። ሰውን በንብረት አፍ መከራከሩ ያስቀይማል፤ ግን ሠራ። ወሬው በየእርሻው ተዳረሰ። በቀናት ውስጥ ሽማግሌ፣ ሴት፣ ሕፃን ሳይቀር ወደ ምሽጉ ጎረፈ፤ ጦርነቱ እስኪያልቅ እንዲህ ወደ ሰሜን ጦር የሸሸው በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ዋሽንግተን ፈለገችም አልፈለገችም ጥያቄው ደጇ ላይ ቆመ። (በነገራችን ላይ በ1619 የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን ምርኮኞች ወደ እንግሊዞቹ ቨርጂኒያ የገቡት በዚያው ቦታ ነው። ከእናንተ ዘንድ በመኪና ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፤ ልጁን ይውሰዱት።)

ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የጸናው አዋጅ በአመፅ ላይ ያሉ አካባቢዎችን ብቻ ነው የሚመለከተው። ዴላዌር፣ ሜሪላንድ፣ ኬንታኪ እና ሚዙሪ ባርነትን ይዘው ከሰሜን ጋር የቆዩ ስለሆኑ አልነካቸውም፤ ሊንከን በጦር አዛዥነቱ ሊወርስ የሚችለው የጠላትን ጉልበት ብቻ ነበር። አዋጁ የከፈተው ትልቅ በር የጥቁር ወታደሮች ምልመላ ነው። ወደ 180,000 የሚሆኑ ጥቁሮች የሰሜንን ጦር ተቀላቀሉ። ነጩ ወታደር በወር 13 ዶላር ሲያገኝ ለእነሱ 10 ተቆርጦላቸው ከዚያ ላይ 3 ለልብስ ይቀነስ ነበር፤ ኮንግረስ ያስተካከለው በ1864 ነው። እዚያው የእርስዎ ከተማ ውስጥ ዲሴምበር 1864 ሆስፒታል የተኙ 443 ጥቁር ወታደሮች፣ ጓዶቻችን ከነጭ ወታደር ጋር በወታደር መቃብር ይቀበሩ ብለው አቤቱታ ፈረሙ። ተፈቀደላቸው። መቃብሩ ዛሬም አለ። የደቡብ ጦር ጥቁር ወታደር ነበረው የሚል ነገር ኢንተርኔት ላይ ካገኙ ደግሞ ይጠንቀቁ፤ ኮንፌዴሬሽኑ ጥቁሮችን ለማስታጠቅ የፈቀደው ማርች 1865 ነው፣ ሊ እጁን ሊሰጥ አንድ ወር እንኳ ሳይቀረው።

ሁለተኛው ጥያቄዎ፣ እስከ 1965 ለምን ታገሉ የሚለው፣ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ የሚበዛው ሰው ታሪኩን ኤፕሪል 1865 ላይ ይዘጋዋልና። ከ620,000 እስከ 750,000 የሚገመት ወታደር አልቆ፣ ወደ 4 ሚሊዮን ሰው ነጻ ወጣ። ምን ይዞ? ባዶ እጁን።

ጃንዋሪ 12 ቀን 1865 ሳቫና ውስጥ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን እና የጦር ሚኒስትሩ ስታንተን 20 ጥቁር የሃይማኖት መሪዎችን ጠርተው ምን ትፈልጋላችሁ አሏቸው። ለሁሉም ሆኖ የተናገረው የ67 ዓመቱ ሰባኪ ጋሪሰን ፍሬዚየር ነው፤ ራሱንና ሚስቱን በ1,000 ዶላር ገዝቶ ነጻ ያወጣ ሰው። መሬት ይኑረን፣ በገዛ ጉልበታችን እንረሰው አለ። «መሬት ላራሹ» በተባለበት አገር ላደገ ሰው ይህን ማብራራት አያስፈልግም። ከአራት ቀን በኋላ ሸርማን የባሕር ዳርቻውን መሬት በቤተሰብ እስከ 40 ኤከር እንዲከፋፈሉት አዘዘ፤ 16 ሄክታር ገደማ፣ ከግማሽ ጋሻ ያነሰ። ወደ 40,000 ሰው ሰፈረበት፣ ዘራበት። ከዚያ ሊንከን ተገደለ፣ ተተኪው አንድሩ ጆንሰን ለአማፂዎቹ ምሕረት አደረገና መሬቱ ለቀድሞ ጌቶች እንዲመለስ አዘዘ። ካሳ የሚባል ነገር አንድ ጊዜ ተከፍሏል፤ ዋሽንግተን ዲሲ ላይ በኤፕሪል 1862 ባርነት ሲቀር፣ በአንድ ባሪያ እስከ 300 ዶላር። የተከፈለው ለጌቶቹ ነው። ኤፕሪል 16 ዲሲ ውስጥ ቢሮ የሚዘጋው ለዚያ ቀን መታሰቢያ ነው።

መሬት ያጣ ሰው ወደ ቀድሞ ጌታው እርሻ ተመለሰ፣ የእኩል አራሽ ሆኖ። ዘሩንም ማረሻውንም በዱቤ ይወስዳል፣ በመኸር ሲተሳሰቡ ዕዳ ይቀርበታል። የደቡብ ምክር ቤቶች በበኩላቸው በ1865 መጨረሻ ጥቁሮችን የሚቀፈድዱ ሕጎች አወጡ። በሚሲሲፒው ሕግ ጥቁር ሰው በየጃንዋሪው የሥራ ውል ወረቀት ማሳየት አለበት፤ ከሌለው ቦዘኔ ተብሎ ይቀጣል፣ መቀጮውን ካልከፈለ መቀጮውን ለሚከፍልለት ሰው ጉልበቱ ይከራያል። 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ባርነትን ሲከለክል «በወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር» የሚል ቀዳዳ ትቶ ነበር፤ በዚያ ቀዳዳ ስንቱ አለቀ።

ኮንግረስ በዚህ ተቆጣ። በ1867 ደቡብን በወታደር አስተዳደር ከፋፍሎ ጥቁር ወንዶች እንዲመርጡ አደረገ፣ 14ኛው ማሻሻያ በ1868፣ በዘር ምክንያት የመምረጥ መብት እንዳይነፈግ የደነገገው 15ኛው በ1870 ጸደቁ። ልጅዎ እዚህ አገር ከተወለደ፣ በመወለዱ ብቻ ዜጋ ያደረገው ያ 14ኛው ማሻሻያ ነው። የስንቱ አበሻ ልጅ ፓስፖርት የቆመው ለቀድሞ ባሪያዎች በተጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ ይህን ነገር ቤታችን ውስጥ ሲወራ አልሰማም። በእነዚያ ዓመታት 16 ጥቁሮች ኮንግረስ ገቡ፣ ሁለቱ ሴናተሮች ነበሩ። ብዙ የደቡብ ስቴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ለሁሉም የተከፈተ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያገኙት ያኔ ነው፤ ድሃው ነጭም ተማረበት።

ሙስናው? ነበር። ግን በዚያው ዘመን የኒውዮርክ ከተማን ካዝና ሲመዘብሩ የነበሩት ነጮች ናቸው፣ የፕሬዚዳንት ግራንት ባለሥልጣናትም ዋሽንግተን ላይ በቅሌት ሲታመሱ ነበር። ኒውዮርክ ሰረቀ ተብሎ የመምረጥ መብቱን የተነጠቀ ነጭ የለም። የደቡቡ አስተዳደር በራሱ ጉድለት አልወደቀም፤ በመሣሪያ ነው የጣሉት። ኩ ክለክስ ክላን የተባለው የነጮች የሽብር ቡድን ሌሊት እየመጣ መራጩን ገደለ፣ ትምህርት ቤቱን አቃጠለ። ኤፕሪል 13 ቀን 1873 ኮልፋክስ፣ ሉዊዚያና ላይ ፍርድ ቤቱን ሲጠብቁ የነበሩ ጥቁሮች በጅምላ ተጨፈጨፉ፣ ብዙዎቹ እጅ ከሰጡ በኋላ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1876 የጥቂቶቹን ጥፋተኞች ፍርድ ሻረ፤ 14ኛው ማሻሻያ የሚከለክለው ስቴትን እንጂ ግለሰብን አይደለም አለ።

ማስቆም አይቻልም ነበር የሚልዎት ካለ ግን 1871ን ይጥቀሱለት። ግራንት በደቡብ ካሮላይና ዘጠኝ ካውንቲዎች የታሰረ ሰው ፍርድ ቤት ይቅረብ የሚያሰኘውን መብት አግዶ ወታደር ላከ፣ በመቶዎች ታሰሩ፣ ክላኑ እዚያ ተበተነ። ቆራጥነቱ ሲኖር ሠርቷል። ከዚያ የ1873ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ መጣ፣ የሰሜን መራጭ የደቡብ ነገር ሰለቸው፣ ዴሞክራቶች በ1874 የተወካዮች ምክር ቤቱን ያዙ። የ1876 ምርጫ አከራክሮ ሄይስ በአንድ ድምፅ ብልጫ፣ 185 ለ184፣ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ኤፕሪል 1877 የመጨረሻዎቹን ወታደሮች ከደቡብ ካሮላይና እና ከሉዊዚያና ምክር ቤቶች አነሳ። የቀረው በሕግ ተጠናቀቀ። ሚሲሲፒ በ1890፣ ቨርጂኒያ በ1902 አዲስ ሕገ መንግሥት ጽፈው በምርጫ ግብርና በንባብ ፈተና መራጩን አራገፉ። ሉዊዚያና ላይ በ1896 ከ130,000 በላይ ጥቁር መራጭ ተመዝግቦ ነበር፤ በ1904 የቀረው 1,342 ነው። 1965 ለምን አስፈለገ ላሉት መልሱ ይህ ቁጥር ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። እኛ ሰዎች ይህን ጦርነት አምጥተን ለራሳችን ፖለቲካ መከራከሪያ ማድረግ እንወዳለን፤ አንዱ ሊንከንን ለአንድነት ይጠቅሳል፣ ሌላው ደቡብን ለመገንጠል። ሁለቱም አይሆንም። እዚህ የተገነጠሉት 4 ሚሊዮን ሰው በንብረትነት ይዘው ለመቆየት ነው፤ ከየትኛውም የአገራችን ጥያቄ ጋር አይገጥምም። ልጁ ድርሰቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ማነጻጸሪያ ካስገባ አስወጡት።

ምክሬ ይህ ነው። ከሽማግሌው ጋር አይከራከሩ፣ ልጁንም በእኔ ቃል አያሳምኑት። የሚሲሲፒን፣ የደቡብ ካሮላይናን፣ የጆርጂያንና የቴክሳስን መግለጫዎች አስቀድሞ ራሱ ያንብብ። አራቱም አጫጭር ናቸው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛሉ፣ በሁለት ቀን ማታ ያልቃሉ። ከዚያ የሊንከንን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው መስመር፣ ቀኑን አስምሮ። በኋላ የተጻፉ የጄኔራሎችና የፖለቲከኞች ማስታወሻዎችን ለጊዜው ይተዋቸው፤ ስቲቨንስ ራሱ ከሽንፈቱ በኋላ ጉዳዩ ባርነት አልነበረም ብሎ ወፍራም መጽሐፍ ጽፏል። ሰው ከመሸነፉ በፊት የጻፈውና ከተሸነፈ በኋላ የጻፈው ሲጋጭ፣ የፊተኛው ይታመናል። ድርሰቱም 1865 ላይ እንዳይቆም፤ መምህሩ ገጽ ከወሰኑበት የጦር ሜዳውን ውጊያ ይቀንስና እስከ 1877 ይሂድ።